በእርሳስ የበሳሁት ወረቀት

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ገደማ፣ ቢቸና ፖሊስ ሆኜ ሳገለግል ነው። ዛሬ ብዙ ነገር ይጠፋብኛል። ትናንት የበላሁትን እንኳ የሚያስታውሱኝ ልጆቼ ናቸው። ይህ ግን አልጠፋኝም። ደግ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ስለነበር ይሆናል።

ከቢቸና ስምንት ፖሊሶች ተመርጠን ለአልሞ ተኳሽነት ሥልጠና ሞጣ ተላክን። ፈተናውን ያለፈ፣ ሽፍታ ከሚያሳድደው ጓድ ጋር ይመደባል። የወደቀ ቢቸና ተመልሶ የመሥሪያ ቤቱን በር ይጠብቃል። በር መጠበቅ ምን ነውር አለው? ያኔ ግን ጎረምሶች ነበርን፤ ወድቆ ከመመለስ ሞት ይሻላል የምንል።

ከስምንቱ አንዱ ይታየው ነው። ቢቸና አንድ ቤት ተከራይተን አብረን እንኖር ነበር። ፖሊስ ከመሆኑ በፊት ቅኔ ቤት ስለቆየ በቃል መጫወት ይወዳል። ሟቹ አባቱ በተኩስ አገር ያወቃቸው ሰው ስለነበሩ፣ ልጃቸው ይስታል ብሎ የሚጠረጥር አልነበረም። እውነቱን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ዓባይ በረሃ ወርዶ ወባ ጥሎት ከተነሳ ወዲህ ቀኝ ዓይኑ ከሩቅ ይደበዝዝበት ነበር።

«ስሜ ይታየው፣ የሚታየኝ ጉም!» ይለኝ ነበር እየሳቀ። ለሌላ ሰው ትንፍሽ እንዳልል ግን አስምሎኛል።

አሠልጣኛችን ቁጡ መቶ አለቃ ነበሩ። ሦስት ሳምንት ሙሉ በሆዳችን አስተኙን። ትንፋሽ መያዝ፣ ቃታ በቀስታ መሳብ አስተማሩን። አፈሙዙ ላይ ጠጠር ያስቀምጡና የባዶውን ጠመንጃ ቃታ እንድንስብ ያዙናል፤ ጠጠሩ ከወደቀ የዚያን ቀን ምሳ የለም። እኔ ስንት ምሳ እንደቀረብኝ አልናገርም። የይታየው ጠጠር ግን አንድም ቀን ወድቆ አያውቅም። እጁ ሸጋ ነበር፤ ችግሩ ዓይኑ ነው።

የፈተናው ቀን ከሞጣ ወጣ ብለን ገደል ሥር ተሰለፍን። ዒላማው በእንጨት ላይ የተወጠረ ወረቀት ነው። ከሥሩ ጉድጓድ ተቆፍሯል። ከእኛው አንዱ ጉድጓዱ ውስጥ ይቀመጥና፣ ተኩሱ ሲያበቃ ወረቀቱን አውርዶ ቀዳዳውን ቆጥሮ ለመቶ አለቃው ይወስዳል። ለእያንዳንዳችን አሥር ጥይት ተሰጠን። ሰባት የመታ ያልፋል።

ይታየው ሲተኩስ ጉድጓድ የመግባት ተራው የእኔ ሆነ። ጥይቱ ከራሴ በላይ እያፏጨ ያልፋል፣ አፈሩ ማጅራቴ ላይ ይረግፋል። አሥሩ ሲያልቅ ወረቀቱን አወረድኩ። አራት ቀዳዳ ብቻ። እንደገና ቆጠርኩ፤ ያው አራት ነው።

በሰው ፊት የሚሆነው ታየኝ። የዚያ ተኳሽ ልጅ ሳተ ሊባል ነው። ቁጥር የምጽፍበት እርሳስ ኪሴ ውስጥ ነበር። አውጥቼ ወረቀቱን ሦስት ቦታ በሳሁት። የእርሳሱ ጥቁረት ዳር ዳሩን ሲነካው ልክ ጥይት ያለፈበት መሰለ።

መቶ አለቃው ወረቀቱን ወደ ፀሐይ አንስተው አዩና «የአባቱ ልጅ!» አሉ።

ወደ ማደሪያችን ስንመለስ ለይታየው ነገርኩት። ቆም ብሎ አሰበና «አራቱንም እርሳስ በሳው፣ ሦስቱንም እርሳስ በሳው። መቶ አለቃው ሰሙን አይተው ወርቁ አመለጣቸው!» አለኝ። ጥይቱም መጻፊያውም እርሳስ ነው ማለቱ ነው። ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ከዚያ አንገቴን አቅፎ «ከውርደት አወጣኸኝ» አለ።

እኔ ራሴ ስድስት መትቼ ወደቅኩ። ለእኔ እርሳስ የያዘ ሰው አልነበረም። ቢቸና ተመልሼ በር ጠባቂ ሆንኩ።

ወራት እንኳ አልቆየም። ከጉንደ ወይን በታች፣ ወደ ዓባይ በሚወርደው ገደል፣ ሰው ገድሎ የሸፈተ አንድ ሽፍታ ተከበበ። ይታየውን ድንጋይ ተገን አስይዘው፣ ሽፍታው ብቅ ሲል እንዲመታው አዘዙት። ሽፍታው ብቅ አለ። ይታየው ተኮሰ፣ ሳተ። ደግሞ ተኮሰ፣ ሳተ። አብረውት የነበሩት እንደነገሩኝ ሽፍታው የተኮሰው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ለቅሶው ቢቸና አጠገብ እናቱ ቤት ነበር። አልቃሿ «ዓይነ ንሥሩ» እያለች ሙሾ ስታወርድ መቆም አቃተኝ። ከአጥሩ ጀርባ ሄጄ ብቻዬን አለቀስኩ። ለማንም አልተናገርኩም።

ሦስት ዓመት አለፈ። ወደ ሌላ ጠቅላይ ግዛት ስለተዛወርኩ እናቱን ልሰናበት ሄድኩ። ቀኑ ኅዳር ጽዮን ነበር፤ አገሩ ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ወጥቷል። እሳቸው ግን ቤታቸው ተቀምጠው ጥጥ ይፈትላሉ። በማርያም ቀን!

«እማማ፣ ዛሬ እኮ ማርያም ናት» አልኳቸው።

«አጥቼው መሰለህ? ተቀያይመናል» አሉኝ፣ ስለ ጎረቤት እንደሚያወሩ ሁሉ።

ምን እንዳስቀየማቸው ጠየቅኩ። እንዝርቱን ሳያቆሙ ነገሩኝ። ይታየው ሞጣ ለሥልጠና የሄደ ለት ለማርያም ጥላ ተስለው ኖሯል።

«ከዚያ ፈተና ጣዪልኝ፣ በር ጠባቂ አድርገሽ መልሽልኝ ብዬ ተንበርክኬ ለመንኳት። ያለ እሱ ማን አለኝ? እሷ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አለችኝ። አሳለፈችው። ከዚያ ወዲህ ደጇን አልረገጥኩም።»

ዝም ብዬ ስሜያቸው መውጣት እችል ነበር። ግን አላስቻለኝም። የጉድጓዱንም የወረቀቱንም አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው።

እንዝርቱ ቆመ።

«ስንት መታ አልከኝ?»

«አራት።»

«የሚፈለገው ሰባት ነው?»

«አዎ፣ እማማ።»

እርግማናቸውን ጠበቅኩ። ቢረግሙኝ ደስ ይለኝ ነበር። እሳቸው ግን እኔን አላዩኝም። ጥጡን ገፍተው ተነሱ።

«ለካ ሰምታኝ ነበር!» አሉ። «እመቤቴን! ሦስት ዓመት ሙሉ ያለ ጥፋቷ!»

ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ጮክ ብለው እያለቀሱ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወጡ። እኔን ቤታቸው ውስጥ ትተውኝ ነው የሄዱት። ትንሽ ጠብቄ በሩን ዘጋሁላቸውና መንገዴን ቀጠልኩ።

በኋላ እንደሰማሁት የተሳሉትን ጥላ በዓመቱ አስገብተዋል። ሳይሰምር የቀረ ስለት የሚያስገባ ሰው ከእሳቸው ሌላ አላውቅም።

ለንስሐ አባቴ ነግሬ ቀኖናዬን ጨርሻለሁ። ቢሆንም እኚያ እናት ለምነው ያስመለሱትን ልጅ ከእጃቸው የነጠቅኩት እኔ ነኝ። ከማርያም ጋር ታርቀዋል። ቅያሜያቸውን ከእሷ አንስተው እኔ ላይ አድርገውት እንደሆነ ግን አልነገሩኝም። እኔም ፈርቼ ሳልጠይቃቸው ሞቱ።