ኮፈኑ ሳይዘጋ

የአባቴ አሮጌ መኪና ሰሞኑን እንደገና መንቀጥቀጥ ጀመረች። አባቴ ካረፈ ሁለት ወሩ ነው፤ እኔ እስካሁን አላለቀስኩም። አክስቴ «ልጄ፣ አልቅሺ እንጂ፣ ይውጣልሽ!» ብላ ብትለምነኝም አልመጣልኝም። ምን ላድርግ? ድንዝዝ ብያለሁ።

ልጅ እያለሁም መኪናዋ እንዲሁ ያደርጋት ነበር። ሶዶ ውስጥ ቤንዚን ሲጠፋ አባቴ መንገድ ዳር በጀሪካን የሚሸጠውን ይገዛል። እናቴ «አስተማሪ ሆነህ አንተ ግን አትማርም!» ትለዋለች። እውነቷን ነበር፤ ነዳጁን በመርጫ የሚረጭ ኢንጄክሽን መኪና ቆሻሻ ነዳጅ አይወድም።

ቅዳሜ ጠዋት ኮፈኑን ከፍቶ ይጠራኛል። የኔ ሥራ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ መስጫውን በስሱ መርገጥ ነው። የተከፈተው ኮፈን መስታወቱን ስለሚሸፍነው አባቴን አላየውም፤ ድምፁን ብቻ እሰማለሁ። እጁን በላስቲክ ጠቅልሎ የካንዴላዎቹን ገመድ በየተራ ይነቅላል። የሚሠራው ሲነቀል ሞተሩ ይብስበታል። የማይሠራው ሲነቀል ግን ለውጥ የለም። «ያዝኩት! የደነዘዘው ይሄ ነው!» ይላል። አንዳንዴ ኤሌክትሪኩ ሲነዝረው በወላይትኛ ይጮሃል፤ እኔ በሳቅ እሞታለሁ። ከዚያ ከገመዱ አጠገብ ያለውን ነዳጅ መርጫ በካቻቢቴ እጀታ ቀስ አድርጎ መታ መታ ያደርገዋል። «አልሞተም እኮ፣ ተደፍኖ ነው» ይላል። ሞተሩ ሲስተካከል «በቃ፣ ልቀቂ!» ይለኛል። ለቅቄ ወደ ቁርሴ፣ ወደ ጎደሬና ዳጣዬ እሮጣለሁ።

ትናንት የሰፈራችን መካኒክ ግቢያችን መጣ። ኮፈኑን ከፈተና «እህቴ፣ እስቲ ነዳጅ ርገጪልኝ» አለኝ። ተቀመጥኩ። ከኮፈኑ ኋላ ያለው ሰው አይታይም፤ የቤንዚኑ ሽታ ግን ያው የድሮው ነው። ገመዶቹ በየተራ ተነቀሉ። ሦስተኛው ላይ ሞተሩ ምንም አልሆነም። አባቴን ቀብሬ ስመለስ እኔም ምንም አልሆንኩም ነበር። ያን ቀን ቤት ገብቼ ልብስ አጠብኩ።

መካኒኩ መታ መታ ሲያደርግ ተሰማኝ። ትንሽ ቆይቶ መንቀጥቀጡ ቆመ።

«በቃ፣ ልቀቂ!» አለ።

እግሬን አላነሳሁም።

«እህቴ፣ አለቀ እኮ!»

ድሮ ይህን ቃል ስጠብቅ እግሬ ይቸኩል ነበር። አሁን ብለቅ ኮፈኑ ይዘጋል። ኮፈኑ ሲዘጋ ደግሞ አባቴ እዚያ እንደሌለ አያለሁ።