ስልክ የምትዳስሰው ሴት

ጠዋት ጠዋት አውቶቡስ ውስጥ ከፊቴ ትቀመጣለች። ጸጉሯን ጠቅልላ እርሳስ ትሰካበታለች፤ የመሥሪያ ቤት መታወቂያዋን ገልብጣ ነው የምታንጠለጥለው። ስልኳን ትኩሳት እንደያዘው ሕፃን ግንባር በእጇ ጀርባ ትዳስሳለች። አንድ ቀን አጠገቧ የተቀመጠውን ሰውዬ ስልክም ዳሰሰችና "ይቅርታ ወንድሜ፣ ልማድ ሆኖብኝ ነው" አለችው። እኔማ ሰላይ መስላኝ ነበር።

ከእናቷ ጋር በስልክ ስታወራ፣ የሥራዋ ነገር ሲነሣ ድምጿ ዝቅ ይላል። "እማዬ፣ አታስለፍልፊኝ። ሳይመዘገብ ትንፍሽ ካልኩ የስንት ዓመት ልፋት ውሃ በላው ማለት ነው።"

ዛሬ ግን ገና እንደተቀመጠች ደወለች።

"እማዬ፣ የፈጠራ መብቱ ጸደቀልን! አሁን ማውራት እችላለሁ። ቻርጅ ሲደረግ የማይግል የስልክ ባትሪ ነው የሠራሁት!"

እናትየው ጆሯቸው ሳይከብድ አይቀርም፤ ጩኸታቸው እኔ ድረስ ይሰማል። "ታዲያ ያንቺ ነው ወይስ የድርጅቱ?"

"መብቱማ የድርጅቱ ነው፤ ለምርምሩ ያን ሁሉ ገንዘብ ያፈሰሰው እሱ ነው። ከእንግዲህ ሌላ ፋብሪካ በዚህ መንገድ ልሥራ ካለ አስፈቅዶ፣ ከፍሎ ነው።"

"አንቺስ ልጄ?"

"ፈልሳፊዋ ተብሎ የተጻፈው የኔ ስም ነው። ሙሉ ስሜ ነው፣ እማዬ። አባዬ ለዚህ ባይደርስም ስሙ አብሮኝ ገብቷል።"

እናትየው "እስቲ ስሙን እንደተጻፈው ጥሪልኝ" አሉ።

ሴትዮዋ ከመቀመጫዋ ተነሥታ ቆመች። የራሷን ስም ቶሎ ብላ አለፈችው፤ የአባቷን ግን አውቶቡሱ ሁሉ እንዲሰማ አድርጋ ጠራችው።