በአስካለ ጠባሳ ስቀና

መጀመሪያ የከዳኝ እጄ ነው። ባሌን ጥዬ ሞላሌ ከሚኖረው ወንድሜ ቤት ገብቻለሁ። ደጅ ተቀምጬ የበግ ጠጉር ስፈትል ከአጥር ውጭ አንድ ሰው፣ ልክ ባሌ ሊመታኝ ሲመጣ እንደሚያደርገው፣ ጉሮሮውን ጠረገ። እንዝርቱ ከእጄ ወደቀ። ሰውየው መንገደኛ ነበር።

ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ቤተሰቡ ዓይነ ጥላ ነው ብሎ ጠበል ወሰደኝ። ጠበሉ አሳረፈኝ፤ ድንጋጤው ግን አልለቀቀኝም። "ልጄ፣ ጠበሉንም ተጠመቂ፣ ሐኪም ዘንድም ሂጂ" ያሉኝ የነፍስ አባቴ ናቸው። ጤና ጣቢያ ያገኘኋት የሥነ ልቦና ባለሙያ ሕመሙን ትራውማ፣ ካለፈ በደል የሚቀር የልብ ቁስል፣ አለችው። መሰሎቼ ቅዳሜ ቅዳሜ ለቡድን ሕክምና ከሚሰበሰቡበት አስገባችኝ። ቅዳሜ የሆነው ገበያ ስለሆነ ነው፤ ገበያ የዋለችን ሴት የት ነበርሽ የሚላት የለም።

እዚያ አስካለ ነበረች። ባሏ በማጭድ የተወባት ጠባሳ ጉንጯ ላይ አለ። ገና አፏን ሳትከፍት ሁሉም ያለቅስላታል። ቀናሁ። በጠባሳ ይቀናል? እኔ አንጀቴ እስኪያርር ቀናሁ። የኔ ባል ብልጥ ነው፤ ቀሚስ የሚሸፍነውን መርጦ ነበር የሚመታኝ። ወንድሜ እንኳ "ጭረት የለብሽ፤ ሽማግሌ ሲመጣ ትታረቂያለሽ" ብሎ ቀን ቆርጦብኛል። ምነው ያን ጠባሳ ለዚያች ቀን ባዋሰችኝ!

የሽማግሌው ቀን ሲቃረብ፣ አንድ ቅዳሜ ባለሙያዋ አሁንም ወደ አስካለ ስትዞር ቱግ አልኩ።

"የኔንስ ማን አየልኝ?"

የተሰበረ የጎድን አጥንቴን ተናገርኩ። በርግጫ የጨነገፈብኝን ልጅ ተናገርኩ። ለማንም ነግሬ አላውቅም ነበር።

"እናምንሻለን" አለች ባለሙያዋ። "አሁን እንደተናገርሽው ለሽማግሌዎቹም ደግመሽ መናገር ትችያለሽ።"

አስካለ ነጠላዋን ወደ ጉንጯ ሳበች። "እኔ እኮ ባንቺ ነበር የምቀና። ገበያ ስትገቢ ማንም ዞሮ አያይሽም" አለችኝ። አፈርኩ።

ሽማግሌዎቹ በመጡ ዕለት ያንኑ ደገምኩት። "አባቶቼ፣ ይቅር እላለሁ፤ ቤቱ ግን አልመለስም" አልኳቸው። ይህን ሲሰማ ወንድሜ ተነሥቶ "እህቴ የትም አትሄድም" አላቸው።

ዛሬ የበግ ጠጉር ፈትዬ፣ ባና የሚባለውን የሱፍ ብርድ ልብስ አሠርቼ እሸጣለሁ፤ ሰው ጉሮሮውን ሲጠርግ ዞር ብዬ አይቼ ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ። የነፍስ አባቴን፣ ባለሙያዋን፣ አስካለን እግዜር ይስጥልኝ። አልዋሽም፣ አሁንም እቀናባታለሁ፤ እሷ ሌሊቱን ሙሉ ትተኛለች፣ እኔ ገና ነኝ። አንቺም ይህን የምታነቢ እህቴ፣ የሌላዋ ይብሳል ብለሽ ቤት አትቅሪ፤ ልቤ ይጥራ ብለሽም አትጠብቂ። ቀንተሽም ቢሆን ቅዳሜ ነይ።