የእትዬ ቢጫ መዳፍ

ይቅርታ አድርጉልኝ። ፊደል የቆጠርኩት ልጆቼ ካደጉ በኋላ ነው፤ እጄ ከብዕር ይልቅ ሊጥ ለምዷል። መስመሩ ቢጣመም፣ ነገሩም ከመሃል ቢጀምር አትፍረዱብኝ። ስለ ሰው መጻፍ ደግሞ ያስፈራል፤ ያውም ስለ እትዬ። ብታይ "ማን ጻፊ አለሽ? ምን ፈልገሽ ነው?" ማለቷ አይቀርም። እሷ ግን ማንበብ አትችልም። እኔም የደፈርኩት ለዚያ ሳይሆን አይቀርም።

እትዬ የባሌ ታላቅ እህት ናት። እናታቸው ስትሞት ባሌ ገና ድክ ድክ የሚል ልጅ ነበር፤ ያሳደገችው እሷ ናት። በልጅነቷ ዳቦ ቤት ውሃ ልትቀዳ ገባች፤ ከዚያ ዱቄት መንፋት፣ ከዚያ ማቡካት። ይኸው ጠጉሯ እስኪሸብት ከቡኮው ገንዳ አልተለየችም። አንድ ጊዜ ማቡኪያ ማሽን ተገዝቶ ነበር። እየቆመ አስቸገረና አሁን ጆንያ ይደረደርበታል። እኔ ከጎኗ ቆሜ ሊጡን እየቆረጥኩ አድበለብላለሁ።

ዳቦ ቤት ውስጥ ስሟ "መርማሪዋ" ነው። ዱቄት ሲመጣ ታሸታለች፣ ቆንጠር አድርጋ ምላሷ ላይ ታኖራለች፣ ከዚያ ያመጣውን ሰውዬ ዓይን ዓይኑን ታያለች። "አማረብሽ" ያላት ሰው "ምን አስበህ ነው?" ይባላል። እኔ ያገባሁ ሰሞን ያቀረብኩላትን ሻይ መጀመሪያ እኔኑ ታስቀምሰኝ ነበር። ክፋት የለባትም። "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" የሚለውን ሌላው ሰው አልፎ አልፎ ይለዋል፤ እሷ ግን እንደ ጸሎት ታደርሰዋለች።

እንግዲህ ነገሩ ወዲህ ነው። ቀኑን ሙሉ ቆሞ መዋል፣ ምሳም ራትም ዳቦ፤ ሆዷ ይደርቅባት ነበር። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ግን ታሪኩ የሚነሳው ከዚያ ነው። ጤና ጣቢያ ሄዳ ክኒን ሰጧት፣ አትክልትም ብዪ አሏት። ክኒኑን አልዋጠችውም። "ውስጡን ማን አይቶታል?" አለች። መኸር ገብቶ ዱባ ገበያውን ሞልቶት ነበርና አንድ ትልቅ ዱባ ተሸክማ መጣች። "ይሄ ይሻላል። ስትሰነጥቂው ሆድ ዕቃው ይታያል።"

ዳቦው ሁሉ ከወጣ በኋላ ምድጃው ቶሎ አይበርድም። ዱባውን ለሁለት ገምሳ በዚያ በተረፈው ሙቀት ትተወዋለች። ሲወጣ ጠርዙ ጠቆር፣ መሃሉ ለስለስ ብሎ፣ ማንኪያ ብቻ ነው የሚፈልገው። ጠዋት እሱ፣ ምሳ እሱ፣ ማታ ቤት ደግሞ ሾርባ አድርጋው እሱው። ፍሬውን ቆልታ በኪሷ ትይዛለች። ተስማማት እንጂ። ሆዷ ለሰለሰ፣ ፊቷ ፈካ፣ ከምሳ በኋላ መነጫነጯም ቀረ። ወቅቱን ሙሉ እንዲሁ በላች።

አንድ ቀን እጇን ስትታጠብ ጋጋሪው አያት።

"እጅሽ ምን ሆኗል?"

"ምን ይሆናል?"

"መዳፍሽ ቢጫ ነው።"

"መብራቱ ነው።"

በር ላይ ወጥተን በፀሐይ አየነው። ቢጫ ነው። እኔም አየሁ።

"አጎቴ እንዲህ ሆኖ ነው የሄደው" አለ ጋጋሪው። "ጉበት ነው።"

"አንተ ከመቼ ወዲህ ነው ጉበት መጋገር የጀመርከው?" አለችው፤ እጇን ግን ሽርጧ ውስጥ ከተተችው።

በነጋታው ጋጋሪው የራሱን ኩባያ ይዞ መጣ። መደርደሪያው ጋ አንዲት ደንበኛ የእትዬን እጅ አይታ የያዘችውን ዳቦ መልሳ አስቀመጠች። ይሄኔ የዳቦ ቤቱ ባለቤት ጠራት። "ተመርምረሽ እስክትመጪ ሊጥ እንዳትነኪ" አላት።

"እሺ ጋሼ" አለች። ቤት ስንደርስ ግን ሌላ ሆነች።

"የጋሼ የእህት ልጅ ሰሞኑን ማቡኪያ ክፍሉን የምትዞረው ለምን ይመስልሻል?"

"እንጃ እትዬ።"

"ዱቄቱን ቀይረውት ይሆናል። ወይ ሳሙናው ነው። ሳሙናውን የገዛሽው ደግሞ አንቺ ነሽ።"

እኔ ዓይን አፋር ነኝ። ስከሰስ ጥፋተኛ እመስላለሁ፤ ተነስቼ ራት ማቅረብ ጀመርኩ።

ባሌ ለመናት። "ሐኪም ይይሽ፣ እህቴ።" "ታማለች ካሉኝ አለቀ" አለችው። "ገንዳው ሄደ ማለት ነው። ሌላ ምን አውቃለሁ?" ድምጿ ሲሰበር ያን ጊዜ ነው የሰማሁት።

የቆረጠላት በማግስቱ ነው። የቀረ ልብሷን ልትወስድ ዳቦ ቤት ገባች፤ የባለቤቱ የእህት ልጅ የእትዬን ሽርጥ አድርጋ ገንዳው ላይ ቆማለች። እትዬ አንዴ ልጅቷን፣ አንዴ ሊጡን አየች። "ውሃ በዝቶበታል" አለችና ወደ እኔ ዞረች። "ነዪ፣ እንሂድ።"

ጤና ጣቢያ ነርሷ የዓይኗን ቆብ ዝቅ አድርጋ አየች፣ መዳፏን ገለበጠች።

"እናቴ፣ ሰሞኑን ምን ይመገባሉ?"

"ለምን ጠየቅሽኝ፣ ልጄ?"

"ለማወቅ ነው።"

"ሰው የሚበላውን።"

ነርሷ ወደ እኔ ዞረች። እኔ በትምህርት ቤት እንኳ ተነሺ ስባል መልሱን እያወቅኩ አላውቅም እላለሁ። ግን ገንዳው ታየኝ፣ ሽርጡ ታየኝ።

"ዱባ" አልኩ።

እትዬ የሸጥኳት ያህል አየችኝ።

"በቀን ስንት ጊዜ?"

"ጠዋት፣ ምሳ፣ ማታ። ፍሬውንም።"

ነርሷ ፈገግ አለች። ለማንኛውም ብላ ደም አስወሰደችና ከሰዓት በኋላ ውጤቱን ይዛ ተመለሰች። ጉበቷ ደህና ነው። "ዱባን ቢጫ ያደረገው ነገር ሰውነት ውስጥ ቫይታሚን ኤ ይሆናል፤ ለዓይንም ለቆዳም ደግ ነው" አለች። "ሲበዛ ግን ትርፉ ቆዳ ላይ ይታያል። አይጎዳም። ጉበት ቢሆን የዓይንዎ ነጩም ቢጫ ይሆን ነበር።"

"ሆዴን ያለሰለሰውስ?"

"እሱም ዱባው ነው፤ አሰር አለው። አይተዉት። ግን ጎመኑንም ባቄላውንም ያፈራርቁ። ቀለሙ ቀስ እያለ ይለቃል።"

"ይሄን ለጋሼ ንገሪልኝ። እኔን አያምነኝም።" በእኔ ስልክ ደወልን፤ ነርሷ ሁሉንም ነገረችው። ነገ ትምጣ አለ።

ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ስታጉረመርም ነበር። "ደህና ነሽ ብላ በመስደዷ ምን ታገኛለች?" ትላለች። በራችን ላይ ስንደርስ ቆም አለች። "አንቺ ደግሞ አፍ አለሽ ለካ" አለችኝ። ምስጋና ይሁን ክስ እስከ ዛሬ አላወቅኩም።

በማግስቱ ጠዋት ከሁላችንም ቀድማ ገባች። ሽርጧን ከሚስማሩ አወረደች፣ አሸተተችው፣ አራግፋ ታጠቀችው። የመጨረሻዋን ዱባ ምድጃው አጠገብ አስቀመጠችና "ዛሬ ለሁላችንም ነው" አለች። ሻይ ቀዳች፣ ግማሹን ጠጣች፣ ኩባያውን ለጋጋሪው ዘረጋችለት።

"የራሴ አለኝ" አለ።

"አውቃለሁ። ለዚያ ነው የሰጠሁህ። የአጎትህ ቢጫና የኔ ቢጫ ዱባና ቅል ናቸው፤ አበቃቀላቸው ለየቅል።"

መዳፏን አየ፣ ዓይኗን አየ፣ ጠጣ።

ከዚያ እጅጌዋን ሰብስባ ወደ ገንዳው ሄደች። እጇን ከማግባቷ በፊት ግን ዱቄቱን ቆንጠር አድርጋ ምላሷ ላይ አኖረች። እሷ በሌለችበት ማን እንደነካው አይታወቅም።