ጋሼ ሰማኸኝ ሪሽዮናቸውን ያስረከቡበት ዓመት

ጋሼ ሰማኸኝ መንጃ ፈቃድ ያገኙት በሃምሳ ሁለት ዓመታቸው፣ በአስራ አንደኛው ቴስት ነው። አስር ጊዜ የወደቁት በመንዳት አይደለም፣ በመቆም ነው። እግረኛ ሊሻገር ይሆናል ብለው ካሰቡ ይቆማሉ። እግረኛው ገና ቤቱ ጫማውን እያሰረ ቢሆንም ይቆማሉ። ፈታኙ «ያላ፣ ንዳ እንጂ!» ሲላቸው «አንተ ውረድና እይልኝ» ይሉታል። በአስራ አንደኛው ያሳለፋቸው ፈታኝ ጡረታ ሊወጣ ሳምንት የቀረው ነበር አሉ። እኔ አላየሁም፣ የሰማሁትን ነው የምነግራችሁ።

አሁን ስልሳ ሰባት ሞልቷቸዋል። በፈረንጅ ዘጠና አንድ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን እስራኤል መጡ፣ ሃያ አራት ዓመት ፕላስቲክ ፋብሪካ ሠሩ፣ ጡረታ ወጡ። የሚኖሩት ኦሺዮት በሚባል ሰፈር ልጃቸው ዘንድ ነው፤ በሌላው ሰፈር በክርያት ሞሼ ግን ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ወንድማማች ሲኳረፍ የሚጠሩት ሽማግሌ እሳቸው ናቸው። ነጯን ማዝዳቸውን እየነዱ ይመጣሉ። በሰዓት ከአርባ አምስት ኪሎ ሜትር አልፈው አያውቁም። ሪሽዮኑን፣ ማለት መንጃ ፈቃዱን፣ ከደረት ኪሳቸው አይለዩትም። ባለቤታቸው «ከእኔ ጋር ሲተኛ እንኳ ያንን ካርድ አያወልቅም» ትላለች።

እንግዲህ ኢዶ የሚባል የቢራራ ልጅ አለ። ከጦር ሠራዊት ወጥቶ ሦስት ወር ሳይሞላው መኪና ገዛ። አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ክርያት ሞሼ አደባባዩ ላይ እንደ እንዝርት አሾራት። ጎማው ይጮሃል፣ ጭሱ ይነሳል፣ ጓደኞቹ ያጨበጭባሉ። እትዬ ማንተገብሽ ያኔ ባለ ጎማ ዘንቢላቸውን እየጎተቱ ከሱቅ ሲመለሱ ነበር። የመኪናው ቂጥ ዘንቢሉን ከእጃቸው መንትፎ ወሰደው። እሳቸውን አልነካም። በመሀል የቀረው አንድ ስንዝር ነው። ቲማቲሙ አስፋልት ላይ ተፈጨ። ልጃቸው ጋሊት ደግሞ ከሰገነት ሆና ታርጋው ሳይቀር በስልክ ቀርጻዋለች።

«ፊልሙ ለፖሊስ ይሄዳል» አሉ እትዬ ማንተገብሽ።

ቢራራ ሽማግሌ ለመነ። ሦስት ሆነው ሄዱ፣ ጋሼ ሰማኸኝ ከፊት። ኢዶ እንደ ወጉ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ መጠየቅ ነበረበት፤ ድንጋይ ቢፈልጉ ጠፋ፣ ከሚሠራ ሕንጻ ሥር ብሎኬት ተሸከመ። ሦስተኛ ፎቅ ድረስ። ሊፍቱ ተበላሽቶ ነበር፣ ይኼ እንኳ ከቅጣቱ አይቆጠርም።

«ይቅር በይው እታለም» አሉ ጋሼ ሰማኸኝ።

«የቲማቲሙን ይቅር ብያለሁ» አሉ እትዬ ማንተገብሽ። «የእኔን ነው ገና ያልጨረስኩት። መኪናውን ይውሰዱበት። ይታሰር።»

«ልጅ ነው እኮ» አለ ቢራራ። «ደግሞ ፖሊስ የእኛን ልጅ ሲያገኝ ቅጣቱ እጥፍ ነው፣ ታውቂው የለም ወይ?»

«አውቃለሁ። የእኛ ልጅ ስለሆነ እኛው ላይ ይሽከርከር?»

ኢዶ ብሎኬቱን ከቀኝ ትከሻ ወደ ግራ አዛወረ።

«ዋስ ይጥራ» አሉ እትዬ ማንተገብሽ በመጨረሻ። ሁሉም ወደ ጋሼ ሰማኸኝ ዞረ።

«ቤሰደር፣ እሺ፣ እኔ ዋስ» አሉ እሳቸው።

«በምን?»

«በቃሌ ነዋ።»

«ቃል ብዙ ሰምቻለሁ አያ ሰማኸኝ። በሪሽዮንህ።»

ሰው በከብት ዋስ ሲሆን ሰምተናል፣ በመሬትም ሰምተናል። በዚህ ግን አልሰማንም። የጋሼ ሰማኸኝ እጅ ወደ ደረት ኪሳቸው ሄደ፣ ካርዱን ዳሰሰ፣ ተመለሰ። «ይሁን» አሉ። ውሉ እንዲህ ሆነ፤ ኢዶ ዓመት ሳይሞላው ደግሞ ካሾረ ፊልሙ ለፖሊስ ይሄዳል፣ ዋሱም ሪሽዮኑን ለአንድ ዓመት ለማንተገብሽ ያስረክባል። ኢዶ ብሎኬቱን አወረደ። ጋሊት ውኃ ሰጠችው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ጋሼ ሰማኸኝ ሌላ ሥራ አልነበራቸውም። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ለኢዶ ይደውላሉ።

«መኪናው የት ነው?»

«ቆሟል ጋሼ።»

«እስቲ አሰማኝ።»

«የቆመ መኪና ምን ድምፅ አለው?»

«እሱኑ አሰማኝ።»

ሐሙስና ዓርብ ደግሞ ራሳቸው ይሄዱና ከኢዶ አጠገብ ይቀመጣሉ። ልጁ ጓደኞቹን ሊያገኝ ሲሄድ አብረው ይሄዳሉ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ከኋላው መስኮት ሥር ያኖሩታል፣ እንደ ቤታቸው። ጓደኞቹ «ጋርድህ መጣ» ይሉታል። አንዱማ «ጋሼ፣ አንዴ ብቻ እናዙርዎት፣ ይወዱታል» ቢላቸው «እኔ በአውሮፕላን ተንሳፍፌ የመጣሁ ሰው ነኝ፣ በመኪና አታስደንቀኝም» አሉት።

አራት ወር እንዲህ አለፈ። በአምስተኛው ጋሼ ሰማኸኝ ጉንፋን ይዟቸው ሳምንት ተኙ።

ሲነሱ የልጅ ልጃቸው ስታቭ ስልኳን እያየች ትስቃለች። «ምን አገኘሽ?» አሏት፤ አሳየቻቸው። አንድ መኪና ከፋብሪካዎቹ ጀርባ ባለው መንገድ ላይ ይሾራል። ጭሱ ታርጋውን ሸፍኖታል፣ ነጂው አይታይም። ከኋላው መስኮት ሥር ግን አንድ ባርኔጣ ወዲህ ወዲያ ይንከባለላል።

ጋሼ ሰማኸኝ ሦስት ጊዜ አዩት። ከዚያ ኢዶን ጠሩት።

«ባርኔጣዬ የት ነው?»

«መኪና ውስጥ።»

«ሲዞር አየሁት።»

ኢዶ ፊቱ ደም መሰለ። «አንዴ ብቻ ነው ጋሼ። መንገዱ ባዶ ነበር፣ በሕይወቴ እምላለሁ። ማንም አላወቀም።»

«እኔ አወቅሁ።»

«እርስዎማ ዋሴ ነዎት!»

«ዋስ ማለት ያላየ ማለት መሰለህ?»

ቢራራም እየሮጠ መጣ። «አያ ሰማኸኝ፣ ማንተገብሽ ይኼን አታይም፣ ስልኳ የአሮጌ ዘመን ነው። ባዶ መንገድ ላይ ለተዞረ ዙር ይኼ ሁሉ ቅጣት አይከብድም? በዚያ ላይ አንተ ምን አደረግህ?»

«ያን ቀንም መንገዱ ባዶ መስሎት ነበር» አሉ ጋሼ ሰማኸኝ። «ይከብዳል ወይ አልከኝ። አዎ ይከብዳል። እኔ ነኝ የምሸከመው፣ አንተ ምን ሆንክ?»

ከኦሺዮት እስከ ክርያት ሞሼ በእግራቸው ሄዱ። ማዝዳዋን ለምን አልነዷትም ብትሉ፣ «ላስረክብ በምሄደው ሪሽዮን እየነዳሁ?» ነው ያሉት። ኢዶ በመኪናው አጠገባቸው እየተከተለ «ይግቡ ጋሼ፣ በፈጣሪ ይግቡ» ይላል። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰዓት አራት ኪሎ ሜትር ነዳ። ከኋላው ያለው መኪና ሁሉ ይሰድበዋል።

እትዬ ማንተገብሽ ካርዱን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ፣ አገላብጠው አዩት።

«እኔ እኮ ልጁን ላስፈራራ ብዬ ነው» አሉ። «ሪሽዮንህን ምን ላደርገው?»

«በሰው ፊት ነው የተዋዋልን። ያዥው።»

«ፊልሙንስ?»

ጋሼ ሰማኸኝ በመስኮቱ ወደ ታች አዩ። ኢዶ መኪናውን አቁሞ፣ ራሱን መሪው ላይ ደፍቶ ተቀምጧል።

«እሱም በውሉ አለ» አሉ።

ጋሊት ላከችው። እስኪሄድ ድረስ ጋሼ ሰማኸኝ አልተነሱም።

ፍርድ ቤቱ ኢዶን ለስድስት ወር ከመንዳት አገደው፣ ገንዘብም ቀጣው። ክርያት ሞሼ ለሁለት ተከፈለ፤ ግማሹ በዛበት አለ፣ ግማሹ አነሰው አለ። እኔን ብትጠይቁኝ ማንም አልጠየቀኝም። የጋሼ ሰማኸኝን ዓመት ግን በዛ ያለም አነሰ ያለም የለም፣ ሰው ሁሉ ዝም ብሎ በአውቶቡስ ሲሄዱ አያቸው። በሦስተኛው ወር እትዬ ማንተገብሽ ደውለው «ና ውሰደው፣ ምሬሃለሁ» አሏቸው። «እኔ መች በደልኩሽ?» ብለው ስልኩን ዘጉ። ኢዶም ስድስት ወሩ አልቆ «የፈለጉበት ላድርስዎት» ብሎ ቢመጣ፣ «መጀመሪያ የእኔ ዓመት ይለቅ» ብለው መለሱት። መኪናውን ይዞ ተመለሰ። ቀስ ብሎ ነው የሄደው፣ ስታቭ አይታለች።

ዓመቱ በሞላ ቀን ጋሼ ሰማኸኝ ከጠዋት ጀምሮ እትዬ ማንተገብሽ ደጃፍ ነበሩ። ተላጭተው፣ አዲስ ሸሚዝ ለብሰው። እትዬ ማንተገብሽ በሩን ከፍተው አዩዋቸው።

«አያ ሰማኸኝ፣ ያስረከብከኝ ከምሳ በኋላ ነበር።»

ጋሼ ሰማኸኝ አሰቡ። «ልክ ነሽ» አሉ።

ወርደው ደረጃው ላይ ተቀመጡ። እትዬ ማንተገብሽም ምሳ ላኩላቸው።