የማርያም ጽዋ በልጄ ቤት

ከደብረ ታቦር ወደ ገሳይ መውጫ ባለው የገጠር ቤታችን ሳለሁ፣ የማርያም ማኅበር ተራዬ ሲደርስ ከገበያ የምገዛው ጨውና ጧፍ ብቻ ነበር። ገብሱ ከጎተራ፣ ጌሾው ከጓሮ፣ ማገዶው ከደጅ ነው። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ የድፎው ሽታ ሲደርሰው «ዛሬስ ባለጸጋ ነን» ይለኝ ነበር። ብር ግን ቤታችን እምብዛም አይገባም። ያ ጊዜ ዛሬም ይናፍቀኛል።

እርሱ ካረፈ በኋላ ልጄ ከዓረብ አገር ተመለሰች፤ ደብረ ታቦር ቤት ተከራይታ እኔንም ወሰደችኝ። ማኅበርተኞቹም አብዛኞቹ እንደኔ ልጆቻቸውን ተከትለው ከተማ ገብተዋል። ጉልበቴ ስለደከመ፣ ከእናቴ የወረስኩትን ማኅበር እንድትይዝልኝ ልጄን ለመንኋት። እምቢ ብትል ጽዋው ከቤታችን መውጣቱ ነበር። እግዚአብሔር ይስጣት፣ እሺ አለች።

ተራችን ሲደርስ ገበያ ይዛኝ ወጣች። ገብስ በኪሎ፣ ጌሾ በኪሎ፣ እንጨት በእስር። ዋጋ በተጠራ ቁጥር አማተብኩ።

«እምዬ፣ ሰው ይታዘበናል» አለች እየሳቀች። «እዚህ ጓሮ የለኝ፣ ጎተራ የለኝ። ሁሉም ከኪስ ነው።»

እሱ መች በቃት! በግ አሳረደች፤ ለስላሳና ቢራ በሳጥን አስመጣች፤ ወንበር ተከራየች። ያን ሁሉ ዓመት በሰው ቤት ለፍታ ያመጣችውን በአንድ ቀን ስትበትነው በልቤ አዘንኩ።

ማኅበርተኞቹ በልተው ጠጥተው መረቁን። ቄሱ ጽዋውን ባርከው ለሚቀጥለው ወር ባለተራ ቢዘረጉላት ግን እጇን ከነጠላዋ ውስጥ አላወጣችም። ጎመን ሸጣ የምታድር፣ እኩያዬ የሆነች መበለት ናት።

«እኔን ይለፈኝ፣ አባቴ» አለች።

«ምነው እማማ? ምን አጎደልኩ?» አለች ልጄ ደንግጣ።

«አንቺማ ምን አጎድለሽ! በሚመጣው ወር ይህን ሁሉ ሰው በጎመን ላባርረው ነው?»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ልጄ አልሳቀችም።

«ስንት ዓመት የሰው እንግዳ ሳስተናግድ ኖርኩ። የራሴ እንግዳ ሲመጣ እጄን እንዴት ልሰብስብ?» አለች፤ እንባዋ ቀደማት።

ይህን ለእኔም ነግራኝ አታውቅም።

መበለቲቱ ብድግ አለች። «እንግዲያው እኔም ዘንድ እንግዳ ነሽ። ቆሎ ትቆረጥሚያለሽ?»

«ጥርስ አለኝ፣ እማማ። ምን ይዤ ልምጣ?»

«ባዶ እጅሽን ነይ። በግ ጎትተሽ ብትመጪ ከደጅ ነው የምመልስሽ!»

ልጄ እንባዋን ሳትጠርግ ሳቀች። መበለቲቱ ጽዋውን ተቀበለች፤ ልጄም ጧፍ ይዛ እስከ ቤቷ ሸኘቻት። እኔ ከባዶ ጠርሙሶቹ መካከል ቀርቼ «እመቤቴ፣ ምስጋና ይድረስሽ» አልኩ።