በማጭዳቸው የተቀበሩት

ደገኛ ወደ መተማ የሚወርደው ሰሊጥ ሊያጭድ ነው፤ ያረጋል ግን የወንድሙን አፅም ፍለጋ ወረደ። የፊዚክስ መምህር ሆኖ ሲመደብ ሌላው ባሕር ዳርን ሲለማመጥ፣ እርሱ ለምኖ መተማ አጠገብ ያለችውን ኮኪትን ወሰደ። ባልንጀሮቹ «ልፋ ያለው በሕልሙ ዳውላ ይሸከማል» ብለው ቀለዱበት። ታላቅ ወንድሙ ምንይችል እርሱን ሊያስተምር ለአጨዳ ወርዶ፣ ወባ ጥሎት በዚያው እንደቀረ አያውቁም። እናታቸው ሀብትነሽ ከጎጃም በደወሉ ቁጥር ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ «አፅሙን መቼ ነው እምታመጣልኝ?» ከአባቱ መቃብር ጎን ቦታ ጠብቀውለታል።

ምንይችልን ያስቀበሩት የያኔው የአጫጆች ካቦ ጀምበሩ፣ ቦታው የሰሊጥ እርሻው ዳር መሆኑን እንጂ የቱ ጋ እንደሆነ አያስታውሱም። ምልክት የነበረው ዛፍ ከሰል ሆኗል።

«መሬቱ ደርቆ ድንጋይ ሆኖብን ጥልቅ አልቆፈርነም» አሉት። «ማጭዱንም አብረን ቀበርነው። የሞተ ሰው ማጭድ ማን ይይዛል?»

ያረጋል ይህን ሲሰማ ላፕቶፑን ከፈተ። ጥቁሩን አፈር፣ ማጭዱን፣ እናቱ ምንይችል አንገት ላይ ያሰሩትን የብር መስቀል፣ ሁሉንም እንደየባሕርያቸው አስገብቶ የምድር መግነጢስ በዙሪያቸው እንዴት እንደሚያልፍ አሰላ። የመግነጢሱ መስመሮች ማጭዱ ዘንድ ሲደርሱ ውሃ እንዳየ ከብት ወደ ብረቱ ተሰበሰቡ። መስቀሉን ግን እንደ ባዶ አየር አልፈውት ሄዱ። ምንይችልን ከሰው የሚለየው እርሱ ነበርና ያረጋል ከፋው። ቢሆንም ማጭዱ ከተገኘ ይበቃል ብሎ ተጽናና። የመግነጢስ መለኪያ መሣሪያ ከዩኒቨርሲቲ ወዳጁ ተዋሰ፤ እናቱንም አስመጣ።

ከጀምበሩ ጋር ሆነው ዳሩን አሰሱ። የመለኪያው ቁጥር አንድ ቦታ ላይ ዘለለ፣ ልክ ኮምፒውተሩ እንዳሳየው። ያረጋል በደስታ ቦታውን በድንጋይ ምልክት አደረገበት። ጥቂት ራመድ ሲል ግን ደግሞ ዘለለ። ከዚያም አልፎ ሦስተኛ ቦታ።

ጀምበሩ አቀረቀሩ። «ሌሎችም ነበሩ። የሞተ ሁሉ በማጭዱ ነው እሚቀበር።»

«የኔ የትኛው ነው?» አሉ ሀብትነሽ።

«መሣሪያው ያን አያውቅም፣ እማ። መቆፈር ነው፤ መስቀል የተገኘበት እሱ ነው።» ይዞት የመጣውን አካፋ አነሣ።

«ተው!» ክንዱን ያዙት። «የሰው ልጅ ከተኛበት ቀስቅሼ የኔን ላነሣ? ወዲያ ማዶ እንደኔ እምትጠብቅ እናት አለች እኮ።»

«የመጀመሪያው እሱ ከሆነስ?»

«ካልሆነስ?»

ያረጋል አካፋውን አስቀምጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ሀብትነሽ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከሦስቱ መሐል ተቀመጡ። «ምንይችል ልጄ!» ብለው የልባቸውን ካወረዱ በኋላ ወደ ጀምበሩ ዞሩ። «የሁለቱን ስም ይንገሩኝ፣ ላልቅስላቸው።»

«አንዱን ወሎዬው ነበር እምንለው። ሌላው በመጣ ማግስት ነው የታመመ፤ ስሙን አልሰማነም።»

«ወሎዬው ልጄ!» ብለው ጮኹ። ወደ ሦስተኛው ዞሩ። እርሱንም ምንይችል ብለው አለቀሱለት።